ቶኮዛ ላይ የተቀበረው ስም

ጡረታ ወጥቻለሁ። ጡረታ ስል ደብዳቤ የጻፈልኝ ወይም የእጅ ሰዓት የሸለመኝ ሰው አለ ማለቴ አይደለም። አንድ ቀን ጠዋት የመዝገብ ቤቱን ደረጃ ስወጣ፣ ግማሽ ላይ ጉልበቴ አልሄድም አለ። እኔም አልተከራከርኩትም። እዚያው ቁጭ ብዬ ትንፋሼን ስሰበስብ፣ ወጪ ወራጁ "ማማ፣ ደህና ነሽ?" እያለኝ ያልፋል። ደህና ነበርኩ፤ በቃኝ እንጂ። ለልጄ ደወልኩላትና የዚያን ቀኑን ጉዳይ በስልኳ ጨረሰችልኝ።

"ማሚ፣ ሁሉም ነገር ኦንላይን ነው እኮ አሁን። ሰርች ታደርጊያለሽ፣ ይወጣል፣ ፊኒሽ!" ትለኛለች። እዚሁ ጆሃንስበርግ የተወለደች ልጅ ናት፤ ለወረፋ ትዕግሥት የላትም። እውነቷንም ነው፤ ብዙው ይወጣል። እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት ግን በማይወጣው ነው።

ሥራዬ ወረቀት መፈለግ ነበር። የልደት፣ የጋብቻ፣ የሞት፣ የቤት ስም ዝውውር፣ የመቃብር መዝገብ። ብዙዎቹ ማንም ጠይቆ ሊያያቸው የሚችል የሕዝብ መዝገቦች ናቸው፤ ችግሩ የትኛው የት እንዳለ ማወቁ ላይ ነው። የቤቱ አንድ ሕንጻ ነው፣ የሞቱ ሌላ ሕንጻ፣ የመቃብሩ ደግሞ በየመቃብር ቦታው በር ላይ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ። የእኛ ሰው ይህን ሁሉ መዞር ሲሰለቸው እኔ ዘንድ ይመጣል። ወጣቶቹ "ማማ ፋይል" ይሉኝ ነበር፤ ከኋላዬ የሚሉኝንም አውቃለሁ፣ እሱ ይቅር።

ለዚህ ሥራ አስቤ አልመጣሁም። አዲስ አበባ ሳለሁ ቀበሌ መዝገብ ቤት ሠርቻለሁ፤ አቧራውን ለምጄዋለሁ። ባለቤቴ ቀድሞኝ ወጥቶ እዚህ ጆሃንስበርግ ጄፒ መንገድ ላይ ብርድ ልብስ ይሸጥ ነበር፤ ተከትዬው መጣሁና አብሬው መሸጥ ጀመርኩ። መሸጡ አልሆነልኝም። ደንበኛ ሲከራከረኝ እቆጣለሁ፤ ሲቆጣ ደግሞ እስቃለሁ። ልጃችን ስትወለድ የልደት ወረቀቷን ለማውጣት ወረፋ ያዝኩ፤ ንታቴ ሴሎን ያገኘኋቸው እዚያ ነው።

"ንታቴ" በሶቶዎቹ ቋንቋ "አባባ" እንደማለት ነው። ለአንዲት ጠበቃ ቢሮ መዝገብ የሚፈልጉ ሽማግሌ ነበሩ። ከፊቴ ቆመው ብርቱካን እየላጡ ለወረፋው ሁሉ አንድ አንድ ፍሬ ያድላሉ። ለእኔም ደረሰኝ። ልጄ ስታለቅስ ተቀብለው እሹሩሩ አሉልኝ። ከዚያ ቅጼን አዩና፣ "አውሲ፣ አንቺ የሆነ ቢሮ ሠርተሽ ታውቂያለሽ፤ አሞላልሽ ይናገራል" አሉኝ። አውሲ እህቴ ማለት ነው። ጠበቃዋ የእኛ ሰው ደንበኞች በዝተውባት፣ የሚሉት አልገባት ብሎ ተቸግራ ኖሯል። ወር ሳይሞላ እኔም እዚያው ተቀጠርኩ። ደመወዙን አላወራም፤ ጠበቃዋ ጨምሪልኝ ሲሏት ፊቷ የሚጠቁር ሴት ነበረች። ነገር ግን አንድም ደንበኛ አሳልፋ ሰጥታ አታውቅም፤ ለዚያ እወዳታለሁ።

ንታቴ ሴሎ አያስተምሩም፤ ይሠራሉ፣ አንቺ ታያለሽ። ቢሮ ከመግባታቸው በፊት ጥግ ይዘው ጫማቸውን በጨርቅ ይወለውላሉ። ለዘበኛው በዙሉኛ "ሳውቦና" ብለው ሰላምታ ይሰጣሉ፣ ስለ እናቱ ይጠይቃሉ። መስኮቱ ጋ ሲደርሱ መዝገብ አይጠይቁም፤ መጀመሪያ የጸሐፊዋን ጉንፋን ይጠይቃሉ። እኔ በቀበሌ ልማዴ "ፋይል ቁጥሩ ይኸው!" ብዬ ስገባ በክርናቸው ይነኩኛል። "ፋይሉ አይሮጥም" ይሉኛል። "የሰው ሆድ ግን ቶሎ ይዘጋል።"

የሚጽፉት በእርሳስ ብቻ ነው። ሰው ስለ ራሱ የሚነግርሽ ነገር ነገ ይታረማል፣ ይላሉ። መዝገብ ሲያነቡ ደግሞ የተፈለገው መስመር ላይ አይቆሙም። ከላዩ ያለውን፣ ከታቹ ያለውን፣ ማን እንዳስመዘገበው፣ ያን ቀን ሌላ ማን እንደመጣ ያነባሉ። አንድ ሰው ብቻውን አይወለድም፣ ብቻውንም አይቀበርም፤ አጠገቡ ሰው አለ፣ ይሉ ነበር። በዚህ መንገድ ስንት የጠፋ አባት አግኝተናል። በስሙ ያጣነውን፣ አብሮት በመጣው ምስክር በኩል ደርሰንበታል።

ከልማዳቸው ሁሉ ልቤ ውስጥ የቀረው ግን አንድ ነው። ያገኙትን ወረቀት ለቆመ ሰው አይሰጡም። ደንበኛው ምን ቢቸኩል፣ መኪና ላይ ሆኖ ጥሩምባ ቢነፋም፣ "መጀመሪያ ተቀመጥ" ይሉታል። የልደት ወረቀት እንኳን ቢሆን። እኔ በዚህ በጣም እስቅባቸው ነበር። "ንታቴ፣ የቤት ካርታ እኮ ነው፤ ምን ያስቀምጣል?" ስላቸው፣ "ምን ይዘሽ እንደመጣሽ አንቺ አታውቂውም፤ የሚያውቀው እሱ ነው" አሉኝ። መሳቄን ያቆምኩት ጥሩነሽ የመጣች ጊዜ ነው።

ጥሩነሽ ከሆሳዕና በኩል ናት። ሶዌቶ ውስጥ ከአገሯ ልጆች ጋር ስፓዛ፣ ትንሽ የሰፈር ሱቅ፣ ትሠራለች፤ ዳቦ፣ ዘይት፣ የስልክ ኤርታይም ይሸጣሉ። የመጣችው ግን ለመነገድ አልነበረም። ወንድሟ መልካሙ ቀድሟት መጥቶ ቶኮዛ በሚባል ሎኬሽን፣ በከተማው ዳር ባለ የጥቁሮች ሰፈር፣ ውስጥ ሱቅ ይጠብቅ ነበር። አንድ ክረምት ስልኩ ዝም አለ። የዚህ አገር ክረምት ደግሞ አጥንት ይሰብራል። ሱቁ ተዘግቷል፤ አብረውት የነበሩት ልጆች ተበትነዋል፤ የተገኙት ሁሉ "ኬፕታውን ሄዷል ሲሉ ሰምቻለሁ" ይሏታል።

"እትዬ ሰናይት፣ እኔ ኑሮዬን ትቼ የመጣሁት ለእናቴ ብዬ ነው" አለችኝ ያን ቀን፣ የሻርፗን ጫፍ እየጠቀለለች። "እናቴ አሁን ከቤት ትወጣለች።"

"ወዴት ነው የምትወጣው?"

"ጎህ ሳይቀድ። መርዶ ማለዳ ነው አይደል የሚመጣው? ሽማግሌዎች በር ሳይመቱ ቀድማ ትወጣለች። ወንዝ ዳር ትቀመጣለች፣ ጸሎት ቤት ትሄዳለች፣ ዝናብም ቢሆን። ፀሐይ ሞቅ ሲል ነው የምትመለሰው። ቤት ካላገኙኝ አይነግሩኝም፣ ካልነገሩኝ አልሞተም ነው የምትለው።"

መርዶ በማለዳ እንደሚነገር፣ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ዘመድ ሳይበተን በጠዋት እንደሚሄዱ የማያውቅ የእኛ ሰው የለም። ከመርዶ ለማምለጥ በየማለዳው ቤቷን ጥላ የምትወጣ እናት ግን ሰምቼ አላውቅም ነበር። ለንታቴ ሴሎ ተረጎምኩላቸው። ብርቱካናቸውን አስቀምጠው እጃቸውን በመሐረብ ጠረጉ። "እንፈልገው" አሉ።

ፈለግን። ምን ያህል እንደፈለግን የምናውቀው እኔና እሳቸው ነን። በሞት መዝገብ፣ በሆስፒታል፣ በአስከሬን ክፍል፣ በእስር ቤት። ስሙን ከአባቱ ጋር፣ አባቱን ከአያቱ ጋር፣ አገላብጠን ጠየቅን። ከዚያ መቃብሮቹን ያዝን። ከበር ወደ በር፣ ከከተማው ዳር ወደ ዳር። ቶኮዛም ሄደናል። የቶኮዛው መቃብር ቢሮ ጠባብ ክፍል ናት፤ አንድ ሆዳም ድመት መስኮቱ ላይ ተኝታ ትውላለች። የዚያን ክረምት መዝገብ አውጥተውልን በጣቴ መስመር በመስመር ወረድኩ። መልካሙ የሚል ስም አልነበረም። ድመቷን ደባብሼ ወጣሁ።

መጨረሻ ላይ ንታቴ ሴሎ ጥሩነሽን አስጠሯት። ወንበር ስበው አስቀመጧት፤ ራሳቸውም ከፊቷ ተቀመጡ። እኔ እየተረጎምኩ ነው። "ልጄ፣ አልደረስንበትም" አሏት። የለም አላሉም። ሞቷልም፣ አልሞተምም አላሉም። ጥሩነሽ ሰማችና "እናቴን ምን ልበላት?" አለች። አቅፋኝ ወጣች። በሥራ ዘመኔ ያጣሁት ወረቀት ብዙ ነው፤ ሌሊት እየቀሰቀሰ ያስለቀሰኝ ግን ይሄ ብቻ ነው።

ንታቴ ሴሎ ከዚያ በኋላ ብዙም አልሠሩም። ወደ ትውልድ መንደራቸው፣ ወደ ፍሪ ስቴት ገቡ፤ እዚያው አረፉ። ቀብራቸው ላይ ጫማዬን ወልውዬ ሄድኩ። ልጃቸው አየችና ገባት፤ ተያይዘን አለቀስን። ከዚያ ወዲህ ጉንፋን መጠየቁም፣ ወንበር መሳቡም የእኔ ሥራ ሆነ።

ዓመታት አለፉ። ባለቤቴ ሱቁን ለወንድሙ ለቀቀ፣ ጠበቃዋ ቢሮዋን ቀየረች፣ መዝገቦቹም ወደ ኮምፒውተር መግባት ጀመሩ። አንድ ጠዋት ማቴዎስ የሚባል ሰው መጣ። ዛንድስፕሩት በሚባል ሎኬሽን ውስጥ ስፓዛ ጀርባ የሚኖር፣ ከሱቁ የብረት ፍርግርግ ኋላ ሆኖ የሚሸጥ፣ ወደ ከተማ የማይወጣ ሰው ነው። ቀጭን ነው፤ ሲናገር መሬት መሬት ያያል።

"እትዬ፣ ሚስቴ ወልዳልኛለች" አለኝ።

"እንኳን ማርያም ማረቻት! ምን ወለደች?"

"ሴት። ግን በስሜ አልመዘግብ አሉኝ። የእኔ ፔፐር፣ የስደተኝነት ወረቀቴ... ኮምፒውተሩ ሞተሃል ይላል።"

ሳቄ መጣ። ይቅር ይበለኝ፣ ሳቅሁ። "ታዲያ የሞተ ሰው እንዴት አድርጎ ወለደ?" አልኩት። እሱ አልሳቀም። "የኮምፒውተር ስህተት ይሆናል" አለ፣ መሬቱን እያየ። እንዲህ ያለ ስህተት አይቼ አውቃለሁ፤ ይታረማል። ለማረም ግን መጀመሪያ ስህተቱ የተጻፈበትን ቦታ ማግኘት ነው። የሞት መዝገቡን አስወጣሁ። ማቴዎስ ከነአባቱ ስም ተጽፏል። የሞተው በሳንባ በሽታ። የተቀበረው ቶኮዛ።

ወደ ቶኮዛ ስሄድ የሚጠብቀኝ አንድ የተሳሳተ መስመር ነው ብዬ ነው። ያቺ ጠባብ ክፍል እንዳለች ናት። ድመቷ የለችም፤ የምትመስላት ሌላ ድመት እዚያው መስኮት ላይ ተኝታለች። ጸሐፊውን ስለ ወገቡ ጠየቅሁት፤ ረዘም አድርጎ ነገረኝ፤ ከዚያ መዝገቡን አመጣ። ገጹን ስገልጥ አወቅሁት። ከታች ጥግ ላይ ሻይ ፈሶበታል፤ ያንን የሻይ ጠባሳ ከዓመታት በፊት አይቼዋለሁ። ማቴዎስ የተቀበረበት ክረምት፣ መልካሙ ዝም ያለበት ክረምት ነው። ጣቴ ያኔ በዚህ መስመር ላይ አልፏል። መልካሙን እየፈለግሁ በማቴዎስ ላይ ወርጃለሁ። ከላይና ከታች ማንበብ የሚችለው መሐሉን ያገኘ ሰው ነው፤ እኛ መሐሉን አላገኘንም ነበር። ጸሐፊው አይቶኝ ወንበር ሰጠኝ።

ማቴዎስ በነጋታው ሲመጣ በር ላይ ቆሞ "ተገኘ?" አለኝ።

"መጀመሪያ ተቀመጥ።"

ተቀመጠ። እኔም ወንበሬን ስቤ ከፊቱ ተቀመጥኩ። "ማቴዎስ፣ ቶኮዛ ሄጄ ነበር" አልኩት። "መቃብርህ አለ። አፈሩ ላይ ሣር በቅሎበታል። እዚያ ውስጥ የተኛው ማነው?"

ፊቱን በእጁ ሸፈነ። እኔ አላጣደፍኩትም፤ ብርቱካን አልነበረኝም እንጂ እልጥለት ነበር። ቆይቶ "መልካሙ" አለ።

የነገረኝ እንዲህ ነው። ሁለቱም የአንድ መንደር ልጆች ናቸው፤ ተያይዘው ያደጉ፣ ከእማማ አበበች፣ ከመልካሙ እናት እጅ የበሉ። ያን ክረምት መልካሙ ታመመ። ትኩሳቱ ሲያቃጥለው ሆስፒታል ልውሰድህ ቢለው እምቢ አለ፤ ፔፐሩ ጊዜው አልፎበታል፣ ይይዙኛል ብሎ ፈርቷል። ማቴዎስ የራሱን አውጥቶ ኪሱ ውስጥ ከተተለት። "አንተ እኔ ነህ፣ በቃ" አለው። ያለ ወረቀትም ያክሙት እንደነበር እኔ አውቃለሁ፤ ንታቴ ሴሎ ስንቱን ሕመምተኛ ያለ ወረቀት እጁን ይዘው አስገብተዋል። ይህን ግን ማንም ለእነሱ አልነገራቸውም። መልካሙ በማቴዎስ ስም ገባ፣ በማቴዎስ ስም ታከመ፣ በማቴዎስ ስም ሞተ።

"ሬሳውን አገር ቤት እንላከው ስንል፣ በማን ስም ይላካል?" አለኝ። "የእኔ እናት በሯን ከፍታ ሣጥን ልትቀበል ነው? እውነቱን እንናገር ስንል ደግሞ ሁላችንም ፈራን። እኔ ፔፐሬን፣ ሌላው ሱቁን። ቀበርነውና ተበታተንን።"

"ለእናቱ ለምን ሰው አልላካችሁም? እህቱ እኮ እዚህ ሶዌቶ ናት።"

ቀና ብሎ አየኝ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ። "እትዬ፣ መርዶ እንዴት ብዬ ልንገር? ሞተ ካልኩ፣ የት ተቀበረ ይሉኛል። መቃብሩ ላይ ያለው የእኔ ስም ነው። እማማ አበበች እዚህ መጥተው ቢቆሙ የሚያለቅሱት በእኔ ስም ላይ ነው። እኔ ቆሜ እያየኋቸው።"

ተናደድኩበት? አዎ፣ ለጥቂት ጊዜ ተናደድኩበት። ሁለት ሴቶች ዓመታት ሙሉ የተቃጠሉበትን እሳት ይሄ ልጅ በኪሱ ይዞት ዞሯል። ግን ፔፐሩን ለጓደኛው የሰጠውም ይሄው ልጅ ነው። ያን ጊዜ ለመልካሙ ሲል ስሙን ሰጠ፤ ከዚያ ወዲህ ስም አልነበረውም። ሱቅ ጀርባ የኖረው እንደ ሌባ ተደብቆ ነው። ቁጣዬ ቶሎ በረደና እጁን ያዝኩት።

"ለልጅህ አባት ለመሆን መልካሙን መናገር አለብህ" አልኩት። "ሌላ መንገድ የለም። ጠበቃችን አብራህ ትገባለች፤ የሚደርስብህን ግን አላውቅም። ልዋሽህ አልችልም።"

"ፔፐሩስ ይሂድ" አለ። "እኔ የምፈራው ማለዳውን ነው።"

ከዚያ በኋላ ያለውን ወረቀት አላስረዝምም። ጠበቃዋ የመሐላ ቃሉን ስታጽፈው ፊቷን አጥቁራ ነበር፤ ሲጨርስ ግን ራሷ ሻይ ቀዳችለት። የሚመለከተው መሥሪያ ቤት ውስጥ ጉንፋኗን ለዘመናት የጠየቅኋት ሴትዮ አለች። እሷ እስከ መጨረሻው ሰማችው፤ ጉዳዩም ቀስ እያለ መታረም ጀመረ። እኔ ግን በዚያ ሰሞን የማስበው ሌላ ነገር ነው። ወረቀቱ ከመታረሙ በፊት ሰዎቹ መስማት አለባቸው።

መጀመሪያ ጥሩነሽ ናት። እንደ ወጉ አደረግነው። ከየሎኬሽኑ የአገሯ ሽማግሌዎች ተሰብስበው፣ እኔም ነጠላዬን አዘቅዝቄ፣ ጎህ ሲቀድ ሶዌቶ ደረስን። ማቴዎስ ከኋላችን ነው። ጥሩነሽ የሱቁን መዝጊያ ልትከፍት ወጥታ አየችን። ቁልፉ ከእጇ ወደቀ። እኛን ሁሉ አልፋ ማቴዎስን አየችና፣ "አንተ አለህ?" አለችው። ገባት። አልጮኸችም። አንገቱን አቅፋ፣ "ብቻውን ነበር?" አለችው።

"አልነበረም" አላት። "እጁን ይዤ ነበር።"

ከዚህ የበለጠ የሚያጽናና ቃል ያን ቀን የተናገረ ሰው የለም። ሽማግሌዎቹ እንኳ ያሰቡትን ንግግር ተዉት። የዚያኑ ቀን ቶኮዛ ወሰድናት፤ ከመቃብሩ አፈር በመሐረብ ቋጠረች። መቃብሩ ላይ የተተከለችውን፣ የማቴዎስን ስም የያዘችውን ቆርቆሮ ግን አልነካችም። "ይሄም ወንድሜ ነው፤ ወረቀቱ እስኪመጣ ትቆይ" አለች።

የቀሩት እናት ናቸው። አገር ቤት ላሉት ሽማግሌዎች ደወልን። እነሱም ጨነቃቸው። "ሴትዮዋን ቤት የሚያገኛቸው የለም" አሉን። "ወንዝ ዳር ሄዶ መርዶ አይነገር፤ እንደ ሰው ቤታቸው ይስሙት እንጂ።" አንዱ ሌሊቱን እንሂድ ይላል፤ ሌላው ሰው በተኛበት ነውር ነው ይላል። ጥሩነሽ ደውላ ከቤት አትውጪ ብትላቸው ደግሞ እዚያው በስልክ መንገር ነው።

ማቴዎስ "እኔ ልደውል" አለ። ሁላችንም ዞረን አየነው። "አልነግራቸውም። ሰላም ብቻ ልበላቸው። ድምፄን ከሰሙ ስንት ዓመታቸው ነው።"

ማታ እኔ ቤት ሆኖ ደወለ። ስልኩን ድምፁ እንዲሰማ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ጥሩነሽ አፏን በሻርፗ ይዛ አጠገቤ ተቀምጣለች። "እማማ፣ ማቴዎስ ነኝ" አለ። ከወዲያ በኩል በግ ሲጮህ ይሰማል።

"ማቴዎስ" አሉ እማማ አበበች። "ደህና ነህ ልጄ? ወለድክ ወይ?"

"ሴት ልጅ ወለድኩ፣ እማማ።"

"ተመስገን። ትደግልህ።" ሁለቱ አንድ ላይ ነው የሚደውሉላቸው የነበረው፤ አንዱ ተናግሮ ሳይጨርስ አንዱ ስልኩን እየቀማ። ዛሬ የሚቀማ የለም። "እናንተ ሁለታችሁ" አሉ ቀስ ብለው፣ "አንዳችሁ ያለ አንዳችሁ ደውላችሁልኝ አታውቁም።"

ማቴዎስ ግንባሩን ጠረጴዛው ላይ ደፋ።

"ለሽማግሌዎቹ በላቸው" አሉ እማማ አበበች። "ነገ ጠዋት አልወጣም።"

ሽማግሌዎቹ በነጋታው ከጸሎት ቤቱ ሰዎች ጋር ሆነው ሄዱ። የሆነውን ለጥሩነሽ የነገራት አንዱ ሽማግሌ ነው፤ እሷ ደግሞ ለእኔ። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ ነበር። እማማ አበበች ማታውኑ ከጎረቤት አግዳሚ ወንበር ተውሰው በግድግዳው ዙሪያ ደርድረዋል። ነጭ ለብሰው መሐል ቆመዋል። ሰዎቹ ደጃፉ ላይ ተኮልኩለው፣ ማን አፉን ይክፈት ብለው እርስ በርሳቸው ሲተያዩ፣ ወደ ውስጥ በእጃቸው ጠሯቸው።

"ግቡ፣ ብርድ ነው" አሏቸው። "መጀመሪያ ተቀመጡ።"